ባሉናችሁ እየጋለ ከሆነ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን ሞክሩ

ሰላም ወገኖች፣ ከሐዋሳ ነው ምጽፈው። ባለፈው ክረምት ታቦር ተራራ ስር ባለ አንድ ግቢ ውስጥ የአንድ ጡረታ የወጡ የሬዲዮ ቴክኒሺያን፣ እኔ ጋሼ ነው ምላቸው፣ አንቴናቸው ላይ ያለው ባሉን (ኮአክሱን፣ ማለትም የአንቴናውን ኬብል፣ ከአንቴናው ሽቦ ጋር ሚያገናኝ ትንሽ ትራንስፎርመር ነው) እየጋለ ሶስት ሳምንት ፍዳችንን ሲያሳየን ከረመ። ነገሩ እንዲህ ነበር፣ 40 ሜትር ባንድ (7 ሜጋ ኸርትዝ አካባቢ) ላይ ኤፍቲ8 (በኮምፒውተር ሚላክ አጭር ዲጂታል መልእክት) ስንጀምር ኤስ ደብሊው አሩ (ከአንቴናው ወደ ራዲዮው ሚመለሰውን ፓወር ሚያሳይ ቁጥር፣ 1 ሲሆን ምርጥ ነው) 1.6 ነው፣ አስር ደቂቃ ስንሰራ 2 ይገባል፣ ትንሽ ቆይቶ 2.8 ይደርስና ራዲዮው ራሱን ለማዳን ፓወሩን ይቀንሳል፣ በቃ ተበላሸ ብለን ቡና ጠጥተን ስንመለስ ደሞ ምንም እንዳልተፈጠረ 1.6። ኮኔክተር ቀየርን፣ ኮአክስ ቀየርን፣ ራዲዮውንም ጠረጠርን። መጨረሻ ላይ ጋሼ መሰላል አቁመው ወጡና የባሉኑን ሳጥን በመዳፋቸው ነክተው "ና አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ምጣድ ሆኗል" አሉኝ።

ያኔ የመጣልን ሀሳብ ትልቅ ባሉን መግዛት ነበር። እዚ ደሞ እንደ ልብ አይገኝም፣ ከውጭ ሚመጣ ሰው መጠበቅ ነው፣ እና እየጠበቅን ምክንያቱን መፈለግ ጀመርን። ስናገኘው ትልቁን ብንገዛም እሱም ይግል እንደነበር ገባን፣ ምክንያቱም ባሉን ሲግል ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ያለ ችግር እየተሸከመ ነው። ስለዚ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ነው መጀመሪያ ሚጠየቀው።

ሙቀት ማለት አየር ላይ መውጣት የነበረበት ፓወር ሳጥን ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ባሉኑ ግማሽ ዲቢ (ዴሲቤል፣ የብክነት መለኪያ) ብቻ ቢበላ ከ100 ዋት 11 ዋት ያህል ውስጥ ይቀራል፣ 1 ዲቢ ከበላ 20 ዋት። የ40 ዋት መበየጃ ስታኞ ሲያቀልጥ አይታችኋል አይደል፣ የሱን ግማሽ የተዘጋ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከታችሁ ፀሀይ ላይ ሰቀላችሁት ማለት ነው። ኤስኤስቢ (በድምጽ ሚወራበት ዘዴ) ስታወሩ ድምጽ ከፍ ዝቅ ስለሚል አማካዩ ፓወር ትንሽ ነው፣ ባሉኑ ይቋቋማል። ኤፍቲ8 ግን በሚሰድበት 15 ሰከንድ ዙር ውስጥ ወደ 12.6 ሰከንድ ሙሉ ፓወር ሳይቆራረጥ ነው ሚሰደው፣ ለዛ ነው ለአመታት በኤስኤስቢ ሰላም የነበረ ባሉን ኤፍቲ8 በጀመራችሁ በሳምንቱ ሚጮኸው። ሳጥኑ ላይ "200 ዋት" ስለተጻፈ አትተማመኑ፣ ብዙ ጊዜ ያ ቁጥር ለንግግር እንጂ ላልተቋረጠ ካሪየር (ከፍ ዝቅ ለማይል ቋሚ ሲግናል) አይደለም።

ከመንካታችሁ በፊት አንድ ነገር፣ ማስተላለፉ ቆሞ፣ ራዲዮው ጠፍቶ፣ ኮአክሱ ከራዲዮው ተነቅሎ መሆን አለበት። አርኤፍ (የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ፓወር) ሚያቃጥለው ከቆዳ ስር ነው፣ ላዩ ትንሽ ነጥብ ይመስልና ለመዳን ግን ሳምንት ይፈጃል። መሰላሉንም አንቴናውንም ከመብራት መስመር አርቁ፣ ሰማይ ሲያጉረመርም ደሞ ስራው ለነገ ይደር።

እሺ፣ መጀመሪያ ሙቀቱ በሰአት ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ተከታተሉ፣ ይሄ ነጻ ነው፣ ሰአትና ወረቀት ብቻ ይበቃል። 100 ዋት አርጋችሁ ኤስ ደብሊው አሩን በየደቂቃው ጻፉ። ቀስ እያለ ወጥቶ ስታቆሙና ሲቀዘቅዝ ወደ ቦታው ሚመለስ ከሆነ ፌራይቱ (ባሉኑ ውስጥ ሽቦው ሚጠቀለልበት ማግኔታዊ ቀለበት፣ ኮር ሚባለው) እየጋለ ነው። ፌራይት ኪዩሪ ሚባል የሙቀት ልክ አለው፣ እዛ ሲደርስ ማግኔትነቱን ያጣል፣ ማለትም ኮር መሆኑ ይቀርና ተራ ሸክላ ይሆናል። 43 እና 31 ሚባሉት አይነቶች ላይ ይሄ ልክ ከ130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ሲቀዘቅዝ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፣ ካልተሰነጠቀ። በተቃራኒው ኤስ ደብሊው አሩ ድንገት ሚዘል ከሆነ፣ አንዴ 1.5 አንዴ 5፣ ያ የላላ ግንኙነት ወይም እሳት ሚረጭ ቦታ ነው፣ ፌራይቱን ተዉት። ከዛ ፓወሩን በግማሽ ቀንሱና ድገሙት። በ50 ዋት ለአንድ ሰአት ሳይንቀሳቀስ፣ በ100 ዋት ግን አስር ደቂቃ ውስጥ ሚያመልጥ ከሆነ ኮሩ ገደቡ ጫፍ ላይ ነው ሚሰራው።

ቀጥሎ ሳጥኑን ክፈቱና የት ቦታ እንደሚሞቅ ፈልጉ። አንድ ደቂቃ ካሪየር ሰዳችሁ አጥፉ፣ ነቅላችሁ ወዲያው ንኩ። ኮሩ ዙሪያውን እኩል ከሞቀ የኮር ብክነት ነው። ተርሚናሉ ወይም ብሎኑ ጋ ብቻ ከሆነ መጥፎ ብየዳ ወይም የላላ ዳዶ። ኮሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሽቦው ሚፋጅ ከሆነ ሽቦው ቀጭን ነው ወይም ብዙ ከረንት እየሄደበት ነው። በእጅ ስትነኩ 50 ዲግሪ የሆነን ነገር ለጥቂት ሰከንድ መያዝ ይቻላል፣ 60 የገባን ወዲያው ትለቁታላችሁ። በኮቪድ ጊዜ በር ላይ ግንባር ይለኩበት የነበረውን ቴርሞሜትር ይዞ ሚመጣ ሰው አለ፣ እሱ ለሰው ሙቀት የተሰራ ስለሆነ አብዛኛው ከ43 ዲግሪ በላይ አያነብም፣ የኤሌክትሪክ ሰራተኞች ሚይዙትን ኢንፍራሬድ ተዋሱ።

ሳጥኑ ክፍት እያለ ውሃ እዩ። ሐዋሳ ክረምቱም አለ የሀይቁም እርጥበት አለ፣ ውሃ በቀጥታ ባይገባም ሌሊት ውስጥ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ጠል ይሰራል። የኛ ሳጥን ውስጥ አረንጓዴ ዝገት የያዘ ተርሚናል አግኝተናል፣ ኮአክሱም ጫፉ ላይ ልባሱን ስንቆርጠው ውስጡ ያለው የሽቦ መረብ ጠቁሯል። የጠቆረ መረብ ያለውን ኮአክስ መጠገን አይቻልም፣ ንጹህ መዳብ እስኪመጣ ድረስ እየቆረጡ መሄድ ነው፣ እኛ አንድ ሜትር ያህል ጣልን። ይሄን ካደረግን በኋላ አልፎ አልፎ ይታይ የነበረው የኤስ ደብሊው አሩ ዝላይ ቆመ፣ ሙቀቱ ግን እንዳለ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ኮመን ሞድ። ከሚግሉ ባሉኖች ብዙዎቹ ሚያቃጥላቸው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ትንሽ ታገሱኝና በደንብ ላስረዳ። ኮአክስ ሁለት ሽቦ ይመስላል እንጂ ለአርኤፍ ሶስት መንገድ ነው። መሀሉ ያለው ሽቦ አንድ፣ የመረቡ የውስጥ ገጽ ሁለት፣ የመረቡ የውጭ ገጽ ሶስት። በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ከረንት በብረቱ ቆዳ ላይ ብቻ ስለሚሄድ የውስጡና የውጩ ገጽ አይተዋወቁም። የአንቴናው ሁለት ክንዶች እኩል ሲሆኑ ነገሩ ሰላም ነው፣ እኩል ካልሆኑ ግን ትርፉ ከረንት በሶስተኛው መንገድ፣ በኮአክሱ ጀርባ ይወርድና ቤት ይገባል፣ ኮመን ሞድ ሚባለው ይሄ ከረንት ነው። ምልክቱን ታውቁታላችሁ፣ ማይኩ ከንፈር ሲነካ ይቆነጥጣል፣ ስታስተላልፉ ማውሱ ይደርቃል ወይም ዩኤስቢው ይቋረጣል፣ የጎረቤት ስፒከር ይጮሃል፣ ኮአክሱን በእጃችሁ ስትጨብጡ ኤስ ደብሊው አሩ ይንቀሳቀሳል። ከነዚህ ሁለቱን ካያችሁ ሌላ ነገር አትፈልጉ።

ከረንት ባሉን ስራው ይሄን ትርፍ ማገድ ነው። ሚያግደው በኢምፒዳንስ (ለከረንቱ ሚሆነው እንቅፋት፣ በኦም ሚለካ) ነው፣ ኢምፒዳንሱ ደሞ በፌራይት አብዛኛው ሬዚስታንስ ስለሆነ ማገዱ ራሱ ሙቀት ነው። እዚ ጋ ነው ብዙ ሰው ሚሳሳተው፣ ይግላል ማለት ብዙ ስላገደ ነው ብሎ ኮሩ ላይ የተጠቀለለውን ዙር ይቀንሳል። ሂሳቡን እዩት፣ ኮመን ሞዱን ሚገፋው ቮልቴጅ 150 ቮልት ነው እንበልና ባሉኑ 500 ኦም ብቻ ካለው 0.3 አምፒር ያልፋል፣ 45 ዋት ኮሩ ላይ ይነዳል። 5000 ኦም ቢኖረው ግን ያው 150 ቮልት ሚያቃጥለው 4.5 ዋት ብቻ ነው። ግማሽ ልብ ሆኖ ሚያግድ ባሉን ነው ሚቃጠለው፣ በደንብ ሚያግደው ይቀዘቅዛል። ኢምፒዳንስ ደሞ በዙሩ ቁጥር ካሬ ነው ሚያድገው፣ ከ5 ዙር ወደ 10 ከሄዳችሁ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፣ ዙሩ በዝቶ ሽቦዎቹ እርስ በርስ እንደ ካፓሲተር መስራት እስኪጀምሩ ድረስ።

የጋሼ አንቴና ከመሀል ወጣ ብሎ ሚመገብ ዳይፖል ነው፣ አንዱ ክንድ 6.7 ሜትር ሌላው 13.4። ግቢው ጠባብ ስለሆነና ግራሩ አንድ ጥግ ላይ ስላለ ሌላ አማራጭ አልነበረም። እንዲህ አይነት አንቴና በባህሪው እኩል አይደለም፣ ስለዚ ኮመን ሞድ ይወዳል። ባሉኑ 4:1 ነው (ኢምፒዳንሱን በአራት ሚያካፍል)፣ ስንከፍተው ሁለት ትንንሽ ኮር ላይ አምስት አምስት ዙር ብቻ። ይባስ ብሎ ከሳጥኑ እስከ መሬቱ ዘንግ ያለው ኮአክስ 21 ሜትር ገደማ ነበር። 40 ሜትር ባንድ ላይ ግማሽ ሞገድ ወደ 20 ሜትር ነው፣ መሬት የነካ ኮአክስ ጀርባው ግማሽ ሞገድ ሲጠጋ ላይኛው ጫፍ ላይ ለኮመን ሞድ የተከፈተ በር ይሆናል፣ ከረንቱ ግር ብሎ ነው ሚወርደው። ለሙከራ አምስት ሜትር ኮአክስ ቀጠልንበት፣ አንቴናውን ሳንነካ ባሉኑን ሳንነካ ሙቀቱ በግልጽ ቀነሰ። ይሄ ሙከራ ዋጋው አንድ መቀጠያ ነው፣ ኮአክስ ሲረዝም ወይም ሲያጥር የባሉኑ ሙቀት ከተቀየረ ኮመን ሞድ መሆኑ ተረጋገጠ ማለት ነው፣ ምክንያቱም ጤነኛ አንቴና የኮአክሱ ርዝመት አይገደውም።

መፍትሄው 1:1 ቾክ (ኢምፒዳንስ ሳይቀይር ኮመን ሞድን ብቻ ሚያግድ) መጨመር ነበር፣ ከ4:1ዱ ስር ኮአክሱ በሚገባበት በኩል። ኤፍቲ240-31 ሚባለውን ኮር ሁለቱን ደርበን አርጂ-400 ኮአክስ 13 ዙር ጠቀለልንበት። ኮሩ የውጭ ስፋቱ 61 ሚሊ ሜትር ነው፣ በቀዳዳው ይሄን ያህል ዙር በደንብ ይገባል። አርጂ-58ም ይሰራል ግን ውስጡ ያለው ነጭ ፖሊኢቲሊን ሲሞቅ ይለሰልስና መሀል ያለው ሽቦ በጥምዘዛው በኩል ቀስ እያለ ወደ መረቡ ይሄዳል፣ አንድ ቀን ይነካካል፣ አርጂ-400 ቴፍሎን ስለሆነ ይሄ ችግር የለበትም።

ኮር ሲፈልግ ብዙ ሰው ሚሄደው ሬዲዮና ቲቪ ጥገና ቤት ነው፣ እኔም ሄጃለሁ። ከድሮ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ሚወጣው ቢጫ ቀለበት አንድ ጎኑ ነጭ የሆነ አለ፣ እሱን እባካችሁ ለዚ ስራ አትጠቀሙ። የብረት ዱቄት ነው፣ ለዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ የተሰራ፣ በኛ ባንዶች ላይ ፓወር በልቶ ይግላል። የቲቪ ፍላይባክ ኮርም ፌራይት ይሁን እንጂ ለኪሎ ኸርትዝ ነው የተሰራው። አይነቱን ማታውቁትን ኮር በ100 ዋት ከመስቀላችሁ በፊት ቢያንስ ለካችሁ እዩት።

ፌራይት ጨርሶ ካጣችሁ ኮአክሱን ራሱን መጠቅለል ይቻላል። ለ40 ሜትር ባንድ 4.5 ሜትር ያህል አርጂ-58 በ6 ዙር ጠቅልላችሁ በናስትሮ ማሰር፣ የክቡ ስፋት 24 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ኮር ስለሌለው አይግልም ማለት ይቻላል፣ ድክመቱ ለአንድ ባንድ አካባቢ ብቻ መሆኑና ከኮአክሱ ጋር ተናቦ አንዳንዴ የባሰ ነገር መፍጠሩ ነው፣ ግን ባዶ እጅ ከመቀመጥ ይሻላል።

ኮመን ሞድ ካልሆነስ? ትዩነር (ራዲዮውንና ኬብሉን ሚያስማማ ሳጥን) ትጠቀማላችሁ ወይ ብዬ ነው ምጠይቀው። ትዩነር ቤት ውስጥ ተቀምጦ ራዲዮውን ያስደስተዋል፣ ሜትሩ 1.1 ይላል፣ ከትዩነሩ ወዲያ ያለው ነገር ግን አልተቀየረም፣ ባሉኑ አሁንም ያንን መጥፎ ኢምፒዳንስ ነው ሚያየው። 100 ዋት በ50 ኦም ላይ 71 ቮልትና 1.4 አምፒር ነው። ኤስ ደብሊው አሩ 10 ሆኖ ኢምፒዳንሱ 5 ኦም ከወደቀ ከረንቱ 4.5 አምፒር ይሆናል፣ ሽቦው ላይ ሚፈጠረው ሙቀት አስር እጥፍ ነው። በተቃራኒው 500 ኦም ከወጣ ቮልቴጁ 224 ይደርሳል፣ እሱ ደሞ ኮሩን ነው ሚያሞቀው። ስለዚ አንድ ባንድ ላይ ብቻ ሚግል ከሆነ የዛን ባንድ ትክክለኛ ኤስ ደብሊው አር ትዩነሩን አውጥታችሁ ለኩ። መጥፎ ከሆነ ሽቦውን ማስተካከል ነው። ለ40 ሜትር ተራ ዳይፖል 143ን በሜጋ ኸርትዝ አካፍሉ፣ በ7.1 ላይ 20.1 ሜትር ይመጣል፣ ትንሽ አስረዝማችሁ ጀምሩና እየቆረጣችሁ ውረዱ።

ቮልቴጅ ባሉን ወይም ትራንስፎርመር ከሆነ ደሞ ሌላ ፍንጭ አለ፣ ባንዱ ወደ ታች ሲወርድ ሙቀቱ ይጨምራል። 20 ሜትር ላይ ቀዝቃዛ ሆኖ 80 ላይ ሚፋጅ ከሆነ ዙሩ አንሷል ወይም ኮሩ ትንሽ ነው። የ49:1ዱም ነገር ይሄው ነው፣ ጫፉ ላይ ሚመገበው ግማሽ ሞገድ ሽቦ ያላችሁ ሰዎች በአንድ ኤፍቲ240-43 ኮር 100 ዋት ኤፍቲ8 አትጠብቁ፣ ሁለት ደርቡ ወይም ፓወር ቀንሱ። መግቢያው ላይ ያለችውን 100 ፒኮ ፋራድ ካፓሲተርም ንኩ፣ አንዳንዴ ኮሩ እየተወቀሰ ምትግለው እሷ ናት።

ናኖ ቪኤንኤ (ትንሽ የአንቴና መለኪያ) ካላችሁ ስራው ይቀላል። 4:1 ከሆነ ሁለት ባለ 100 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አርጋችሁ 200 ኦም መውጫው ላይ በይዱና ኤስ ደብሊው አሩን እዩ፣ በምትሰሩበት ባንድ ላይ ከ1.3 በታች መሆን አለበት። ሽቦ ያለው ሴራሚክ ሬዚስተር አትጠቀሙ፣ ኮይል ነው ውስጡ። ብክነቱን ለመለካት ሁለት አንድ አይነት ባሉን ጀርባ ለጀርባ አያይዛችሁ የጠፋውን ዲቢ ለሁለት ማካፈል ነው። የቾክን አጋጅነት ለማየት ደሞ መግቢያው ላይ መረቡንና መሀሉን አገናኙ፣ መውጫውም ላይ እንደዛው፣ ከዛ ሁለቱን ጫፍ በሁለቱ ፖርት መሀል አስገቡ። 20 ዲቢ ያህል ከቀነሰ 1000 ኦም ገደማ ነው፣ 30 ዲቢ 3000፣ 34 ዲቢ ደሞ 5000 ኦም ነው። የኛው አሮጌ ሳጥን 40 ሜትር ላይ 1000 አልደረሰም፣ አዲሱ ቾክ ከ34 ዲቢ አለፈ፣ ጋሼ ቁጥሩን ሲያዩ መነጽራቸውን አውልቀው ደግመው አዩት።

መልሳችሁ ስትሰቅሉ ጥቂት ነገር። ጥቁር ሳጥን አታርጉ፣ የቀትር ፀሀይ ብቻውን ብዙ ዲግሪ ይጨምራል፣ ነጭ ወይም ግራጫ ይሁንና ከተቻለ ከቤቱ ክዳን ጥላ ስር አርጉት። ሐዋሳ ወደ 1700 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፣ አየሩ ከባህር ዳርቻ ሲነጻጸር ከ15 ከመቶ በላይ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዝ አቅሙ ያንሳል፣ ፋብሪካው የጻፈውን ዋት እዚ ትንሽ ቀንሳችሁ አንብቡት። ሳጥኑን በሲልኮን ወይም በኢፖክሲ አትሙሉት፣ ውሃ ይከለክላል ብለው ሚሞሉ አሉ፣ ሙቀቱንም ነው ሚቆልፈው። ቀዳዳ መድፈኛ ሲልኮንም ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሚሸተውን ተዉት፣ አሲዱ መዳብ ይበላል፣ ማይሸተውን ጠይቁ። ከታች 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱና በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት፣ ጠሉ ይውጣ ጉንዳን አይግባ። ኮአክሱ ሳጥኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ቀለስ ብሎ ይግባ፣ ዝናቡ እዛ ይንጠባጠባል።

የሽቦው ጉተታ ተርሚናሉ ላይ አይረፍ፣ ለብቻው ቀለበት ያለው ብሎን ይያዘው። እዚ ሀይቁ ዳር አባ ኮዳ ታውቃላችሁ፣ ከአሞራ ገደል ተነስቶ ሰፈር ለሰፈር ሚዞረው፣ ትልቁ እስከ 9 ኪሎ ይመዝናል። እንዲህ ያለ ወፍ ሽቦ ላይ አርፎ ሲነሳ ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ብየዳ ናት ምትሰነጠቀው፣ የተሰነጠቀች ብየዳ ደሞ ትግላለች።

የኛን ቅዳሜ ከሰአት ሰቀልነው። 100 ዋት ኤፍቲ8 ሀያ ደቂቃ ሰራን፣ ኤስ ደብሊው አሩ 1.5 ላይ ተቀምጦ አልተነቃነቀም። አጥፍተን ነቅለን ጋሼ ራሳቸው ወጡ፣ እኔ ይተዉ እኔ ልውጣ ብላቸው እምቢ ብለው፣ 4:1ዱን ነኩ፣ ቾኩን ነኩ፣ ቾኩ ለብ ያለ ነው አሉ፣ የላይኛው ግን ከፀሀዩ ሙቀት አያልፍም። ማይኩም መቆንጠጡን ተወ። አሁን በየወሩ አንዴ እንከፍተዋለን፣ ዝናብ ከዘነበ ደሞ በማግስቱ፣ የታችኛዋ ቀዳዳ ሸረሪት እንዳይደፍናት።